እንግዳ የመጣ ዕለት፣ ጉርድ ሾላ

አዲስ አበባ፣ ነሐሴ 1974

ላጲሶ ወንድሜ፣ እንዴት ሰነበትክ?

ካርዱ ላይ የምታየው የቦሌ አስፋልት ነው፤ እኔ ያረፍኩት ግን ጉርድ ሾላ አክስቴ ቤት ነው፤ ጭቃው ከሆሳዕና አይተናነስም። አክስቴ ፀሐይነሽ በቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ሞግዚት ናት። ለልጆቹ አልጋና ወተት መግዣ እርዳታ ጠይቀው ስለነበር፣ ትናንት ከእርዳታ ድርጅቱ አንድ ፈረንጅ ሊያያቸው መጣ። ብታይ! እናቶቹ ምንጣፉን፣ አንሶላውን፣ ስኒውን ከየቤታቸው አምጥተው የሙሽራ ቤት አስመሰሉት። ልጆቹ መሬት ላይ የሚተኙበትን ክፍል ግን ቆለፉት። "ለምን አታሳዩትም?" ብዬ ብጠይቃት፣ አክስቴ "ገበናችንን እንግዳ ይየው ነው የምትይው?" ብላ ተቆጣችኝ። ሰውየው ዞሮ አይቶ ደስ አለው። በአስተርጓሚ "እናንተስ ደህና ናችሁ፤ ገንዘቡ ለባሰባቸው ይሁን" አለ። ሁሉም ክው አሉ፤ ያም ሆኖ ሳይበላ አልለቀቁትም።

ያኔ ለኛ ጤና ጣቢያ ጣሪያ ማሠሪያ የጠየቅናቸው የእርዳታ ሰዎች የመጡ ዕለት ትዝ አለኝ። ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር ባልዲዎቹን አንስተን፣ ማዋለጃው አልጋ ላይ ያንተን አዲስ ብርድ ልብስ አንጥፈን፣ በግ አርደን ነበር የተቀበልናቸው። እስከ ዛሬ "ረሱን" እያልን እናማቸዋለን። ሰዎቹ ያሳየናቸውን አይተው ነው የሄዱት። ይኸው ወላዶቻችን ዛሬም ዝናብ ጠብ እያለባቸው ይወልዳሉ።

ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህ ለገንዘቤና ለልጆቹ፣ ለዘበኛችንም ሳይቀር ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሌላ እንግዳ የመጣ እንደሆነ ግን፣ አደራህን፣ ባልዲዎቹን አታንሳቸው።

ስመኝ