ጨረቃ ስትሞላ ማንን ይቅር በይኝ ልበል

ሚያዝያ 14፣ ከቀኑ 9፡30 ሰ.
ሦስት እናቶች አዋለድኩ። ሁሉም ደህና። ሁለት ሴት፣ አንድ ወንድ። መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም፤ ማራገቢያው ቆሟል። እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ደብተሬ፣ ዛሬም የምነግርህ ያው ነው። ደክሞኛል።

ፋጡማ ምሳ አልበላም አለች። የጤ/ጣቢያችን ጽዳት ሠራተኛ ናት፣ ቤታችንንም የሚለየው አንድ አጥር ነው። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ታመሽ ወይ አልኳት። አልታመመችም፤ ትጾማለች። ረመዳን ካለቀ ሁለት ሳምንት አልሞላውም፣ ደግሞ የምን ጾም? ጨረቃ ልትሞላ ስትል ሦስት ቀን ይጾማል አለች። በሦስተኛው ቀን ካፈጠረች በኋላ ደጇ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ትቀመጥና የተቀየመቻቸውን ሰዎች በስም እየጠራች «ዓፉ» ትላለች። ይቅር ብያለሁ ማለት ነው። ስም መጥራቱ የሁሉም ሰው ልማድ አይደለም፣ የእናቷ ነው። ስንት ሰው ትጠሪያለሽ አልኳት። ሳቀች። ባሏ ብቻውን ግማሹን ምሽት ይወስዳል።

ሚያዝያ 15፣ ምሽት 12፡00 ሰ.
ሀና ከፋጡማ ሰምታ ተነቃቅታለች። ሀና በመስከረም የመጣችልን ነርስ ናት፣ ገና ልጅ። እጮኛዋ ግልገል በለስ ተመደበ፣ እዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ። ስልኳ ላይ አንብባለች፦ ጨረቃ ስትሞላ ልትተዪው የምትፈልጊውን ነገር ወረቀት ላይ ጽፈሽ በሻማ ታቃጥዪዋለሽ፣ አመዱን ለነፋስ ትሰጪዋለሽ፣ በረጅሙ ትተነፍሻለሽ። በቃ፣ ይለቅሻል። ነገ አብረን እናድርገው አለችኝ። እምቢ አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። እሺ አልኩ። እምቢ ማለትም ጉልበት ይፈልጋል።

ሚያዝያ 16፣ ምሽት 2፡00 ሰ.
አደረግነው። ከጤ/ጣቢያው ጀርባ፣ ማንጎው ሥር። ጨረቃዋ ከቀርከሃው በላይ ቀይ ሆና ወጣች፣ ትሪ የምታክል። ሀና ጽፋ ጽፋ ወረቀቱን በሁለቱም ገጽ ሞላችው። እያቃጠለች አለቀሰች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ራበኝ አለች። ለእሷ ሠርቷል።

የእኔ አንዲት ቃል ናት። «ድካም»። አቃጠልኩት። ነፋሱ አመዱን መልሶ የታጠበ ጋውኔ ላይ በተነው። ቀለለሽ ወይ አለችኝ። ቀለለኝ አልኩ።

ዋሸሁ። ወረቀቱም ላይ ዋሸሁ። የያዘኝ ድካም አይደለም። ደብተሬ፣ አንተን እንኳ እፈራሃለሁ።

ሚያዝያ 17፣ ጧት 1፡00 ሰ.
ልጻፈው።

ዘይነብ ትባላለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ የመጀመሪያ ልጇ። መጋቢት 18፣ ረመዳን ላይ። ወደ ቤቴ ሳልሄድ ሁለት ቀን ሆኖኛል፤ ተተኪዋ አልመጣችም፣ ኃላፊው ቆይልን አለ፣ ቆየሁ። ልክ ንጋት 12፡00 ላይ ወለደች። ወንድ፣ ጤነኛ። ዞር ብላ ሳቀችልኝ። የወለደች ሴት በየ15 ደቂቃው መታየት አለባት፤ ማህፀኗ ይዳሰሳል፣ ደሟ ይታያል። ለተማሪ ያስተማርኩት ነገር ነው። 12፡15 ላይ አየኋት። ደህና ነች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ተኛሁ።

አርባ ደቂቃ ያህል። ስነቃ ደሙ አንሶላውን አልፎ ፍራሹ ውስጥ ገብቷል። መርፌ፣ ግሉኮስ፣ ማህፀኗን ማሸት፣ ሁሉንም አደረግሁ። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። በሰው መኪና ጫንናት። አሶሳ ሆስፒታል ሳንደርስ እጄ ላይ አለፈች።

ከዚያ ተመልሼ ምን አደረግሁ? ካርዷን አውጥቼ ሁለት መስመር ሞላሁ። 12፡30 ታይታለች፣ ደህና። 12፡45 ታይታለች፣ ደህና። በኋላ የሞቷን ምክንያት የሚመረምሩ ገምጋሚዎች መጥተው አነበቡት። አይዞሽ፣ የምትችዪውን አድርገሻል ብለውኝ ሄዱ።

ሚያዝያ 22
ለንስሐ አባቴ ነገርኩ። ሁሉንም አይደለም። ተኛሁ አልኩ፣ ካርዱን አላነሳሁም። ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ ታመመ፣ ሌላው እንዳለ ነው።

ሚያዝያ 28፣ ጧት
ትናንት ፋሲካ ነበር። ተረኛ ሆንኩ፣ ራሴ ጠይቄ። እናቴ ከመንደር ደወለች፤ ወንድሞችሽ ዶሮውን ጨረሱት፣ መቼ ነው የምትመጪው አለች። ሥራ በዛ አልኳት። ሥራ አልበዛም። ቀኑን ሙሉ አንዲት ሴት ብቻ መጣች፣ እሷም ምጧ አልነበረም፣ ወደ ቤቷ ላክናት።

ግንቦት 3፣ ከቀኑ 7፡00 ሰ.
የክትባት ቀን። በመስኮት አየኋት። ሐዋ፣ የዘይነብ እናት። የልጅ ልጇን አዝላ አግዳሚው ላይ ተራ ትጠብቃለች። ከስታለች። ሳላስበው እግሬ ወሰደኝ፣ መድኃኒት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። ሀና ከተበችው። ሲጮህ በግድግዳው በኩል ሰማሁት፤ ጥሩ ጩኸት ነው፣ ሳንባው ደህና ነው። ይህን እያሰብኩ ነበር፣ በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ፣ ስለ ሳንባው።

ስወጣ ፋጡማ ኮሪደሩን ትወለውላለች። አየችኝ። ባልዲዋን ጎትታ መንገድ ለቀቀችልኝ።

ግንቦት 13፣ ከሰዓት
ፋጡማ እንደገና ጾም ይዛለች። ወር ሞላ ማለት ነው። ልብስ ሳሰጣ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። ያን ዕለት ከሐዋ ለምን ተደበቅሽ አለችኝ፣ ፊት ለፊት። ነገርኳት። ካርዱንም ሳይቀር። የያዝኩትን አንሶላ ሳልዘረጋው ጨረስኩ፤ ውሃው ክርኔ ላይ ይወርዳል። አልተቆጣችም። አላጽናናችኝምም። ማንን ይቅር በይኝ ልበል፣ ሞታለች እኮ አልኳት። መልሷን በራሷ አማርኛ እንዳለ ልጻፈው።

«የሞተ ሰው እናት የለውም እንዴ? እናቱ አለ። ከነገ ወዲያ ጨረቃ ይሞላል። አብረን ይሄዳል።»

ግንቦት 15፣ ከቀኑ 8፡00 ሰ.
ልንሄድ ነው። ምን ይዤ ልሂድ? ስኳር? ሳሙና? ለቅሶ ነው ወይስ አራስ ጥየቃ? እንደኔ ያለ ሰው ምን ይዞ ይሄዳል? ፋጡማን ጠየቅኋት። ባዶ እጅሽን ነይ አለች። ዝናብ ቢመጣ ብዬ ሰማዩን አያለሁ። ጥርት ያለ ነው።

ግንቦት 16፣ ጧት 2፡00 ሰ.
ሄድን። በባምባሲ መንገድ እስከ መገንጠያው በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። ማንጎ በየደጁ ተከምሮ ገዢ የለውም፣ ዝንብ ብቻ። ሐዋ ደጇ ላይ ማሽላ ታበጥራለች፣ ልጁ አጠገቧ ምንጣፍ ላይ። ወዲያው አወቀችኝ። «ሲስተር» አለች፣ ተነስታ ውሃ ልታመጣልኝ ወደ ቤት አመራች። ውሃውን ከተቀበልኳት መናገር እንደማልችል ገባኝ። ሳትገባ ጠርቼ አስቆምኳት፣ እዚያው ቆሜ ተናገርኩ፤ ፋጡማ በቋንቋቸው ታስረዳታለች። ተኛሁ። አርባ ደቂቃ። ባልተኛ ምናልባት ትድን ነበር። ምናልባት ያልኩት ራሴን ለማዳን አይደለም፣ እርግጡን ስለማላውቅ ነው። ካርዱ ላይ አየኋት ብዬ ጻፍኩ፣ አላየኋትም።

ሐዋ ወደ ምንጣፉ ጎንበስ አለች። ልጁን አነሳች። ገባች። በሩን ዘጋች።

ፋጡማ ተቀመጪ አለችኝ። ማሽላው ሰፌዱ ላይ እንዳለ፣ ዶሮዎች እየመጡ፣ እኔ እያባረርኩ፣ ተቀመጥን። ጎረቤት እያየን ያልፋል። ልሂድ ብዬ ሦስት ጊዜ ተነሳሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፋጡማ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ፀሐይ ጠለቀች። አዛን ሲባል በሩ ተከፈተ። እሷም ጾም ላይ ነበረች። ለፋጡማ ቴምርና ውሃ ሰጠች። ለእኔም ሰጠች። ጠጣሁ። ጨረቃዋ ከማንጎዎቹ በላይ ወጥታለች፤ የሐዋን ፊት አየዋለሁ። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፣ እኔንም አንተ ትለኛለች።

«አንተ ተኝተሃል» አለች።

አዎ አልኩ።

«እኔም ተኝቷል። ሌሊት ሱሁር በላሁ፣ ሰገድኩ፣ ልጁን አየሁ፣ ከዚያ ኮሪደር ላይ ተኛሁ። ልጄ ዘይነብ እኔን ጠራ ይሆናል። አልሰማሁም። ሲስተር አለ ብዬ ተኛሁ።»

ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለባሏም። ፋጡማ የምትተረጉመው አልነበረም፣ ፊቷን አዞረች። አንቺ እናት ነሽ፣ መጠበቅ የኔ ሥራ ነበር አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ሰማሁ ማለቷ ይሁን አይደለም ማለቷ አላውቅም። ከዚያ ይቅር በይኝ አልኩ።

«ዛሬ ዓፉ አልልም» አለች። «ሆዴ ይቃጠላል ገና። ውሸት ዓፉ አላህ አይወድም። ግን አንተ መጣህ። ሌላ ሰው አልመጣም።» ከዚያ ደግሞ፣ «ያ ወረቀት ልጄን ደህና ነው ይላል? ደህና አልነበረም። አስተካክል።»

አስተካክላለሁ አልኩ።

ልጁን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ክብደቱ ጥሩ ነው። የዱቄት ወተት በስኒ ነው የምታጠጣው፣ በጡጦ አይደለም፤ ጎበዝ። አንገቱን ሊያቀና ይታገላል። ሸናብኝ። ሐዋ ሳቀች፣ ወዲያው አፏን በሻሽዋ ሸፈነች፣ እንዳጠፋች ሁሉ።

ቀለለኝ ብዬ አልዋሽህም። ዛሬ ጧት ግን ቁርስ በላሁ። ከሰዓት በኋላ ተረኛ ነኝ።

ግንቦት 17፣ ከቀኑ 6፡00 ሰ.
ሌሊቱን ሁለት አዋለድኩ። ጧት አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሰዓቶቹን፣ እንቅልፉን፣ ሁለቱን የውሸት መስመሮች፣ ስንት ሰዓት ያለ ተተኪ እንደሠራሁም። ለኃላፊው ሰጠሁት። አንብቦ ተነስቶ በሩን ዘጋው። ክፉ ሰው አይደለም። ጉዳዩ አልቋል አለኝ፤ የሙያ ፈቃድሽን ይነጥቁሻል፣ ልጅቷም አትመለስም፣ ቅደጂውና እንርሳው። ድምፁ እየለመነ ነው። ለኔ ብቻ ይሁን ለራሱም አላውቅም፣ ያኔ ቆይልን ያለኝ እሱ ነውና። እናቷ አስተካክዪው ብላኛለች አልኩ። አንተ ለበላይ ካልላክኸው ራሴ አሶሳ እወስደዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ ትቼለት ወጣሁ።

ያው ዕለት፣ ከቀኑ 11፡00 ሰ.
ተተኪዋ ዛሬም አልመጣችም። ኃላፊው መጣ፣ ዓይኔን ሳያይ እስከ ነገ ቆይልን አለኝ። ምጥ ላይ ያለች አንዲት ሴት አለች፣ ገና ናት፣ ምናልባት ወደ ማታ ትወልዳለች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ነው የነበረኝ።

አልቆይም አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ፣ ደገምኩት። ዓይኔ እየተከደነ አላዋልድም። ወይ ሀናን ጥራት፣ ወይ አንተ ግባ። ስልኩን አወጣ።

ሀና እስክትደርስ ከሴትየዋ አጠገብ ቆምኩ። ወንበር አጠገቤ ነበር፣ አልተቀመጥኩም። ሀና መጣች፣ ከእንቅልፏ የተነሳች፣ ትራሱ ጉንጯ ላይ መስመር አውጥቶባት። የልጁን የልብ ምት፣ የምጡን ሰዓት፣ ሁሉንም ነገርኳት፣ ጻፈችው። ሴትየዋ ልትሄጂ ነው ወይ አለችኝ። አዎ፣ ይቺ ያረፈች ናት፣ ለአንቺ እሷ ትሻልሻለች አልኳት።

ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ቢያባርሩኝም። ጋውኔን ሰቀልኩ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ቤቴ ሄጄ እተኛለሁ።