የእማን ቤት ለደረቅ ጉድጓድ አልሰጥም

ውድ ፊንታን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ ስለሚጀመር እንጂ ዛሬ ለአንተ የሚሆን የፍቅር ቃል ተርፎኝ አይደለም። በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ስከፍት «ግራንያ፣ አንቺ ስለ ነዳጅ ምን ታውቂያለሽ?» ብለህ አቋረጥከኝ። ወረቀትን ግን ማቋረጥ አትችልም። ተቀመጥና አንብበው።

የእማን ቤት ለመሸጥ አልፈርምም። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት «መጨረሻው ላይ ትለሰልስ ይሆናል» እያልክ እንዳታነብ ነው። አባባ ቤቱን ለሁለታችን ሲያወርስ እማ በሕይወት እስካለች ድረስ እንድትኖርበት ብሎ ነው፤ ያለ እኔ ፊርማ አንዲት ድንጋይ ከቦታዋ አትነቃነቅም። ገዢ ብለህ የላክኸው የደብሊን ጠበቃ ቤቱን የእረፍት ጊዜ መዝናኛ ሊያደርገው እንደጓጓ አይቻለሁ። ባለፈው ወር መጥቶ መስኮቱ ጋ ቆመና «እንዴት ያለ ባሕር ነው!» አለ። ሻይ ይዛ ከኋላው የቆመችውን እማን ግን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«እማ አንቺ ጋ ትሁን» አልከኝ፤ «እስከ ሐምሌ ብቻ ነው። በሐምሌ ጉድጓዱ ነዳጅ ሲያወጣ እንዲህ ያለ ቤት ሦስት እንገዛላታለን።» ሐምሌህን አውቀዋለሁ፣ ፊንታን። ስንት ሐምሌ አሳልፈናል። ኮርክ ከተማ ያለችው ቤቴ ከጫማ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ ደረጃዋ ለእኔም ጉልበት ይፈታተናል። ሰማንያ ዓመት ሊሞላት ምንም ያልቀራት ሴት ዶሮዎቿን፣ ጎረቤቶቿንና የአባባን መቃብር ትታ እዚያ ላይ ተሰቅላ ምን ታድርግ? የአውቶቡስ ጡሩምባ ትስማ?

ደግሞስ ለምን? አንድ ቢሮና አንዲት ጸሐፊ ካለው ድሩምካል ከሚባል ኩባንያ ተጨማሪ አክሲዮን ለመግዛት!

ድሩምካል ከእኛ ዳርቻ ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ሥር ነዳጅ አለ ብሎ የተነሳ ጊዜ መንደሩ ሁሉ እንዴት እንዳበደ አትረሳውም። ቄሱ ገዙ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ ገዛች፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ገዛ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ደግሞ አንተን ነበር፤ «ፊንታን እኮ ባሕር ላይ ሠርቷል!» እየተባለ። እውነት ነው፣ ሠርተሃል። ሰሜን ባሕር ላይ በቁፋሮ መርከብ ሁለት ዓመት ሠርተሃል፤ የሠራኸውም እንቁላል መጥበስ ነው። ከባሕሩ በታች ስላለው ነገር የምታውቀው ቆፋሪዎቹ ቁርስ ሲበሉ ከጠረጴዛው የለቃቀምከውን ወሬ ነው። ዛሬ አበርዲን ውስጥ አውቶቡስ ትነዳለህ፤ የከበረ ሥራ ነው፣ አላፍርበትም። ባለአክሲዮኖቹ በሚያወሩበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ግን ስምህ «ካፒቴን» ነው። ገብቼ አንብቤዋለሁ። «ካፒቴን፣ ዛሬ ምን ትላለህ?» ይሉሃል። አንተም ዓይንህን በጨው አጥበህ «የሚሸጥ ፈሪ ነው» ትላቸዋለህ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲቆፈር ኩባንያው «የነዳጅ ምልክት ታይቷል» ብሎ አወጀ። ምልክት! ድስቱ ውስጥ ሥጋ የለም፣ ሽታው ግን አለ እንደማለት ነው። ገበያው ገብቶት አክሲዮኑ በአንድ ጠዋት ዋጋው በግማሽ ወረደ። ያን ቀን ሸጠን መገላገል ነበረብን። አንተ ግን ለእማ ደውለህ «እሰይ!» አልካት። «መግዛት አሁን ነው። በውድ የገዛነው ላይ በርካሽ ስንጨምርበት አማካይ ዋጋችን ይወርድልናል።» እሷም አባባ ወተት ያመላልስበት የነበረውን መኪና ሸጣ ጨመረችበት። ሁለተኛው ጉድጓድ ጭራሽ ደረቅ ወጣ። አሁንም «አማካዩ!» አልክ፤ አሁንም ከቁጠባዋ አወጣች። አማካዩ እየወረደልን፣ እየወረደልን መሬት ነካ።

እማን ደግሞ ምን እንዳደረግካት አንተ አላየህም፤ እኔ ነኝ ያየሁት። የኩባንያ ዜና የሚወጣው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው አይደል? ምድጃውን ሳታነድ፣ ጋቢ ነገር ጣል አድርጋ፣ መነጽሯን ሰክታ ታብሌቷ ፊት ትቀመጣለች። ታብሌቱን የገዛህላት አንተ ነህ። የልጆችህን ፎቶ ልትልክላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተ ግን የቁፋሮ መርከቧ የት እንዳለች የሚያሳይ ካርታ ከፍተህ ሰጠሃት። መርከቧን የምታሳየው ነጥብ ስትንቀሳቀስ «ተነሳች!» ትላለች፤ ስትቆም «ቆመች!» ትላለች። የምትበላውን ዳቦ ትረሳለች።

ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት የኮረብታውን ነው። ጉድጓድ ነዳጅ ካገኘ ሲሞክሩት መርከቧ ላይ ትልቅ እሳት እንደሚነድ ነገርካት። «ከኮረብታው ጫፍ ይታያል፣ እማ፤ ከኩባንያው በፊት በገዛ ዓይንሽ እይው» አልካት። በጥቅምት ዝናብ፣ የሩቁን የሚያቀርበውን የአባባን መነጽር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ብቻዋን ወጣች። እርጥቡ ድንጋይ አዳለጣት። ጎረቤታችን ዶናል ከብቶቹን ሲሰበስብ ድምጿን ባይሰማ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ሳይሆን የመርዶ ስልክ ነበር የምትቀበለው። ቀኝ እጇ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ደወልኩልህ። መጀመሪያ ምን ብለህ እንደጠየቅከኝ ታስታውሳለህ?

«ታዲያ እሳቱን አየችው?»

ደሜ ፈላ። እስከ ዛሬም አልበረደም።

ከዚያ ደብሊን የሚደረገውን የኩባንያውን ዓመታዊ ስብሰባ አመጣህ። «እማ ድምጿን መስጠት አለባት» ብለህ ወጥረህ ያዝክ፤ ራስህ ግን ሥራ አለብኝ ብለህ ቀረህ። ከመንደሩ በተከራየነው አውቶቡስ፣ እጇን በጨርቅ ወደ አንገቷ አንጠልጥላ፣ ለሠርግ የምትለብሰውን ካፖርት ለብሳ ሄደች። ሰዉ መንገዱን ሙሉ ይዘፍን ነበር፤ ለእግር ኳስ ዋንጫ የሚሄድ ነበር የሚመስለው። ሊቀመንበሩ የሆቴሉ በር ላይ ቆሞ «ወይዘሮ ክሮውሊ! የእኛ ታማኝ!» ብሎ እጇን ሳመ። ጤነኛውን እጇን። ከዚያ ግድግዳው ላይ ቀይና ቢጫ የተቀባ ካርታ አሳየን፤ ቀዩ ነዳጅ ነው አለ። ባለፈው ዓመትም ቀይ ነበር፤ ቦታው ብቻ ነው የተቀየረው። ዘንድሮ አዲስ ገንዘብ ካዋጣን፣ እሱ እንዳለው፣ በሐምሌ ያለቀለት ነው።

አላስቻለኝም። ተነሳሁ።

«ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩ። «የእርስዎ ደመወዝስ ባለፈው ዓመት ጨመረ ወይስ እንደኛ አማካዩ ወረደልዎት?»

አዳራሹ ተናወጠ። ሊቀመንበሩ ላይ የሚጮሁ መስሎህ ይሆናል። በእኔ ላይ ነው የጮሁት!

«ቁጭ በይ አንቺ! እንዲህ እያላችሁ ነው ዋጋውን የምትጥሉት!» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላዬ፣ አፉን ሳንድዊች ሞልቶት።

«ፈርተሽ ከሆነ ሽጪና ውጪ!» አለች ሌላዋ።

«የማን ናት ደግሞ ይቺ?»

«የእኔ ናት» አለች እማ አንገቷን ደፍታ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ባዶ እጃቸውን ያስቀራቸው ሊቀመንበር ሻይ እየጠጣ፣ ጥፋተኛዋ እኔ ሆኜ ቀረሁ። ስንመለስ እማ በሶፍት የጠቀለለችውን ሳንድዊች ከቦርሳዋ አውጥታ «እንኪ፣ ምሳ እንኳ አልበላሽ» ብላ ሰጠችኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው እሑድ፣ አንተ ደውለህ ቤቱ ይሸጥ ብለህ ደግመህ ከጠየቅካት በኋላ፣ ወጥ ቤት ተቀምጠን ድንች እንልጥ ነበር። እማ በአንድ እጇ ስትታገል ነበር እንጂ ስትልጥ አልነበረም።

«ካለ ይሽጠው» አለችኝ።

«እማ፣ ከዚያ የት ልትኖሪ?»

«አንቺ ጋ ነዋ። ምነው፣ ልታባርሪኝ ነው?»

«አትቀልጂብኝ! ነዳጅ የለም፣ እማ! የለም! ለአንድ ሺህ ዓመት ቢቆፍሩ አያገኙም!»

«ቀስ በይ፣ ዶሮዎቹን አስደነገጥሻቸው። አውቃለሁ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ነዳጅ እንደሌለ። ሁለተኛው ጉድጓድ ደረቅ የወጣ ቀን ነው ያወቅኩት። ምን፣ ጅል መሰልኩሽ እንዴ? አባትሽ ወተት ሲያመላልስ ሂሳቡን ማን ነበር የሚይዘው?»

ድንቹ ከእጄ ወደቀ።

«ታዲያ ለምን አልሸጥሽውም? ለምንድን ነው በየጠዋቱ የምትቀመጪበት?»

እማ ጎንበስ ብላ ድንቹን አነሳችና በሽርጧ ጠረገችው።

«ፊንታን በፊት መቼ መቼ ነበር የሚደውለው?»

«ለገና።»

«ለገናና ለልደቴ። ልደቴንም አንዳንዴ ይረሳዋል፣ ሥራ ይበዛበታል መሰለኝ። አሁን በየእሑዱ ይደውላል። ዜና ካለ በመሐልም ይደውላል። ‹እማ፣ አየሽው?› ሲለኝ ድምፁ ልጅ ሆኖ ዓሣ ይዞ ሲመጣ እንደነበረው ነው። ካላየሁት እኮ የማወራው ነገር አይኖረኝም። ብሸጠውስ ምን ብሎ ይደውልልኛል?»

ፊንታን፣ እዚያች ወጥ ቤት ውስጥ ምን እንደተሰማኝ ልንገርህ። አላለቀስኩም። አጠገቤ ብትሆን አንገትህን አንቄ ባሕር ውስጥ እነክርህ ነበር። እናትህ የአንተን ድምፅ ለመስማት የወተት መኪናዋን ከፍላለች፣ ቁጠባዋን ከፍላለች፣ አሁን ደግሞ የምትኖርበትን ቤት ልትከፍል ነው። በዓለም ላይ እንዲህ የሚያስከፍል ስልክ የለም። አንተም በየእሑዱ ስትደውል አንድም ቀን «እንዴት አደርሽ፣ እጅሽስ?» ብለህ አታውቅም። እጇ በደንብ እንዳልጠገነ፣ ማንኪያ እንኳ በግራዋ እንደምትይዝ ታውቃለህ? ሻይዋን የሚቀዳላት፣ እንጨቷን የሚፈልጥላት ዶናል እንደሆነ ታውቃለህ? የመርከቧን ነጥብ ግን የት እንደቆመች ታውቃለህ።

አክሲዮኑን ሰኞ ሸጥነው። አዎ፣ ሁሉንም። የተገኘው ለማገዶና ለዶሮ መኖ ቢበቃ ነው። እኔ አላስገደድኳትም። አድራ ጠዋት ላይ ራሷ ጠርታኝ «ሽጪው» አለችኝ። ታብሌቱ ላይ የመሸጫውን ቁልፍ የነካችው እሷው ናት። ከዚያ ታብሌቱን ዘግታ «እንግዲህ ይደውል አይደውል ልየው» አለች።

እንዳልነግርህ አስምላኛለች። «ከነገርሽው እውነቱን አላውቅም» ብላኛለች። ይኸው መሐላዬን አፍርሼ ነገርኩህ። ለአንተ አዝኜ አይደለም። ሳይነገርህ ትደውላለህ ብዬ ስለማላምንህ ነው፤ እሷ ደግሞ ስልኩ ሳይጮህ የሚያልፍ እሑድ ከደረሰባት አትነሳም። ይህ ደብዳቤ ከእሑድ በፊት እንዲደርስህ በፈጣኑ ፖስታ ልኬዋለሁ፤ አልደረሰኝም እንዳትለኝ።

እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሹራብ ልሠራ ነው ትለኛለች፤ በዚያ እጇ ሹራብ አይሠራም። ደውል። ስለ ዶሮዎቹ ጠይቃት፣ ስለ እጇ ጠይቃት። የምትለው ስታጣ ዝም በል፣ ስልኩን ግን አትዝጋ። ስለ ድሩምካል ካነሳህ «ሸጥኩት» ትልሃለች፤ ያን ጊዜ ከአፍህ የሚወጣውን እስክትሞት ይዛው ትኖራለች። ይህን ደብዳቤ ማንበብህን ግን እንዳትነቃብህ። ሳታውቀው ስትዋሻት ኖረሃል፤ አሁን አንድ ጊዜ አውቀህ ዋሽላት። ናፍቀሽኝ ነው የደወልኩት በላት።

እስከ እሑድ ድረስ እህትህ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስልኩ ይንገረኝ።

ግራንያ