ለቄሱ የሰጠሁት ኪኒን

ወረታ፣ ማክሰኞ መጋቢት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.

የቁሐር ሚካኤሉ ቄስ ዛሬ ክሊኒካችን መጡ። ጎንደር ኦፕራሲዮን የሆኑበትን ቁስል ፋሻ ፈታሁላቸው። እብጠቱ ጠፍቷል፤ ቁስሉም ገጥሟል።

ሁዳዴ ሲገባ፣ ቁስሉን የሚያሽረውን ኪኒን ስሰጣቸው፣ «ልጄ፣ ከምን የተሠራ ነው?» ብለውኝ ነበር። ከአሳማ ቆሽት እንደሚሠራ ሐኪሙ ነግሮኛል። እውነቱን ብናገር ቢሞቱም እንደማይውጡት ስለማውቅ «ከቅጠል ነው፣ አባቴ» አልኳቸው። አመኑኝ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዋጡት።

ዛሬ እጄን ይዘው መረቁኝ። «ቅጠሉን አሳየኝና በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ልትከለው፤ ለሌላውም በሽተኛ ይሆናል» አሉ። አቀርቅሬ ፋሻውን ጠቀለልኩ።

«እሁድ ወደ ቅዳሴዬ እመለሳለሁ» ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ሳያውቁ ጾማቸውን ያስገደፍኳቸው እኔ ነኝ። ንስሐ ካልገባሁ አያስችለኝም። ግን ለማን ልናገር? የንስሐ አባቴ እሳቸው ናቸው።