ፎቶው ላይ ያለው ተክል የኔ አይደለም

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ አሳድጋ ለሰው ወግ ላበቃችኝ ለእታለም፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅሽ ሳል ዘንድሮ እንኳ ተወሽ ወይ? መነጽሩስ ተስማማሽ ወይስ እንደ ፊተኛው ሳጥን ውስጥ አስቀመጥሽው? ላሚቱስ በሰላም ወለደች? የደሴ ብርድ እንዳይጎዳሽ ይህን የምታነቢው ጋቢሽን ደርበሽ ነው ብዬ ልመን። እኔ የፈጣሪ ቸርነት አልተለየኝምና ደህና ነኝ። አረጋውያን ቤት የወጥ ቤት ሥራዬም አለ፣ ወገቤም እንደ ነገሩ ያዘግማል። ከናፍቆትሽና ከኩርፊያሽ በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ደብዳቤ ከጻፍኩልሽ ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ስልክ ከመጣ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ለፊርማ ብቻ ነው። አሁን ግን ስልኬን አታነሺም። የምታነሳው ቢታንያ ናት፤ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አጎቴ፣ እማዬ ስምህ ሲጠራ ወደ ጓዳ ትገባለች ትለኛለች። የላክሽብኝንም ቃል ሳታስቀር ነግራኛለች። ሐሺሽ የሚያበቅል ሰው በጥር ሠርግ በሟቹ አባቷ ወንበር ተቀምጦ ልጄን አይመርቅም፣ ጉልበቱንም አታስመውም ብለሻል። እታለም፣ ይህ ነገር አጥንቴ ድረስ ገባ። እኔ ልጅ የለኝም፤ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ እንኳ ሙሽራ ጉልበቴን ብትስመኝ ብዬ ለዚያ ወንበር ትኬት ቆርጫለሁ፣ ሱፍም አሰፍቻለሁ። ከቤተ ክርስቲያናችን ኤልሳቤጥ የምትባል ደግ ሴት ወደ አገር ቤት ስለምትገባ ይህን ወረቀት በእጇ ልኬዋለሁ። ሳትቀጂው እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ነጠላዬን ለብሼ አጠገቡ የቆምኩት፣ ከኔ በክንድ የሚበልጠው ተክልም ካናቢስ ነው፤ እሱንም አልክድም። ግን የኔ አይደለም። አልዘራሁትም፣ አላጨስኩትም፣ አልሸጥኩትም። ባለቤቱ የታችኛው ቤት ጎረቤቴ ሜቭራው ኮሪ ናቸው። ሜቭራው ማለት በሆላንዶች ቋንቋ ወይዘሮ ማለት ነው። ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ባልቴት ናቸው። አንቺ በለኝ እያሉ ይቆጡኛል፤ እኔ ግን በአማርኛ ስለ እሳቸው ሳወራ አንቱ ካላልኩ ምላሴ አይታዘዘኝም።

ሜቭራው ኮሪ ከቤታቸው ጀርባ መዳፍ የምታህል ግቢ አለቻቸው። እዚያች ውስጥ በየዓመቱ አምስት እግር ካናቢስ ይተክላሉ። እዚህ አገር እስከ አምስት ድረስ ለራስ ከሆነ ፖሊስ ብዙ ጊዜ አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ቤቱም የራሳቸው ስለሆነ የሚነጫነጭ አከራይ የለባቸውም። አበባው ሲደርስ ከዘይት ጋር ያፈሉትና ቅባት ያወጣሉ። የብርዱን ወራት ሁሉ ጣታቸውንና ጉልበታቸውን የሚያሹት በእሱ ነው። ይረዳኛል ይላሉ። ሐኪማቸው ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል እንጂ አይናገርም። እኔም የሐኪሙን መንገድ ተከትዬ ዓመታት ሙሉ ዝም ብዬ ነበር።

በሰኔ ወር ሜቭራው ኮሪ የግቢያቸው ደረጃ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረና ተኝተው መታከም ጀመሩ። ቁልፋቸውን ለኔ ሰጡኝ። ድመቴንና አምስቱን ተክሎቼን አደራ አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ ለምን እንዳልቻልኩ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። እናም ጠዋት ጠዋት ከሥራ በፊት እየወረድኩ ውኃ አጠጣ ጀመር። አንድ ቀን ቅጠሉን ገልበጥ ባደርገው ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ክሽክሽ። ቅጠል እየመጠጠ ባቄላችንን ሲፈጅብን የኖረው ያ ደቃቅ ተባይ ባሕር ተሻግሮ እዚህም ጠበቀኝ። ቅጠሉ ተጣብቋል፣ ጉንዳኑም እንደ እረኛ ዙሪያውን ይጠብቀዋል። ለሜቭራው ኮሪ ደውዬ ብነግራቸው፣ ልጄ መላ ያበጅለታል፤ መርዝ ብቻ እንዳትረጭ፣ ተመልሶ ወደ ሰውነቴ ነው የሚገባው አሉኝ።

ልጃቸው የሚኖረው አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት የሚባለው ሰፈር ነው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መጥቶ መላውን አበጅቶ ሄደ። ምን እንዳበጀ ግን አልነገረኝም። ቅዳሜ ጠዋት ብወርድ ቅጠሉ ላይ ሌላ ጉድ ይርመሰመሳል፤ ጥቁር፣ እሾሃም፣ ጎኑ ላይ ብርቱካንማ ነጥብ ያለበት፣ ትንሽ አዞ የሚመስል ትል። ክሽክሹ ሳያንስ ይሄ ተጨመረ አልኩ። መርዝ ተከልክያለሁ። ስለዚህ መነጽሬን አድርጌ፣ በርጩማ ስቤ፣ አንድ በአንድ በጣቴ እየለቀምኩ ጨፈለቅኩት። ቁርስ የለ፣ ምሳ የለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድም አልቀረ። ወገቤን ይዤ ቀና አልኩና፣ አባታችን ይህን ንጹሕ ሥራዬን ቢያይልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ማታውን ልጃቸው ደወለና ሠራተኞቼ እንዴት ናቸው ብሎ ጠየቀኝ። የምን ሠራተኞች ብዬ ብጠይቀው ነገረኝ። ለካ ያ ትል የዚያች ቀይ ባለ ጥቁር ነጥብ ጥንዚዛ ልጅ ኖሯል። ክሽክሽ እየበላ ነው የሚያድገው። ገዝቶ አምጥቶ ነው የበተነው። እታለም፣ ትል ይገዛል ብሎ ማን ያስባል? ሆላንዶች ደግሞ ጥንዚዛዋን የጌታችን እንስሳ ብለው ነው የሚጠሯት። በራኺ የሚባል ወዳጅ አለኝ፤ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ፣ አሁን ቭላርዲንገን የሚኖር ጡረተኛ። ይህን ሲሰማ፣ የጌታን ከብት ቀኑን ሙሉ ፈጅተህ ነገ በየትኛው ፊትህ ነው ቅዳሴ የምትቆመው ብሎ ከት ብሎ ሳቀብኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ እንኳ ለቅሜ ነው ያፈሰስኩት።

ክሽክሹ ጠላቱ አለቀለትና ሠርግ ደገሰ። በሳምንቱ ቅጠሉ ሁሉ ተጨማደደ። ልጃቸውም ለዕረፍት ወጥቶ አገር ለቋል። ለሜቭራው ኮሪ ደውዬ ጥፋቴን ስነግራቸው ከመሳቃቸው የተነሳ ነርሷ ምን ሆኑ ብላ ሮጣ መጣች። ከሳቁ በኋላ ግን፣ ያለዚያ ቅባት ዘንድሮ ብርዱ ይረዝምብኛል አሉ።

እንግዲህ ተነሣሁ። በሳሙና ውኃ እያንዳንዱን ቅጠል ከላይም ከሥርም በስፖንጅ አጠብኩ፤ አንቺ ልጅሽን ዘአማኑኤልን ሕፃን ሳለ ታጥቢው እንደነበረው፣ ጆሮው ሥር ሳይቀር። ጉንዳኑ እንዳይወጣ ግንዱን በቫዝሊን ቀባሁት። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ደግሞ በራኺ ወደ ቭላርዲንገን ይዞኝ ሄደ፤ ወንዙ ዳር ሳማ ውስጥ ያቺ ጥንዚዛ ሞልታለች ብሎ። እውነቱን ነበር። ነጠላችንን እንደለበስን የሻይ ቆርቆሮ ይዘን ሳማ ውስጥ ገባን። እስከ ክርናችን ለበለበን። ውሻዋን የምታናፍስ ሴትዮ ቆማ አየችንና ምን ጠፍቷችሁ ነው አለችን። በራኺ ቀና እንኳ ሳይል ሠራተኛ እየቀጠርን ነው አላት። ሴትዮዋ ውሻዋን ጎትታ መንገዷን ቀጠለች።

አመሻሹ ላይ ተክሉን በውኃ አርሰን የለቀምናቸውን ጥንዚዛዎች ለቀቅናቸው። አንዳንዶቹ ሳይመርቁን በረሩ፣ የሚበዙት ግን ቀሩ። ከሰነበተ በኋላ እነዚያ ትንንሽ አዞዎች እንደገና ቅጠሉ ላይ ታዩ፤ በዚህ ጊዜ እንደምን አደራችሁ ብዬ ነው ያለፍኩት። ተክሉ እያገገመ ሄዶ ሜቭራው ኮሪ በነሐሴ ምርኩዛቸውን ይዘው ቤታቸው ሲገቡ ከበሩ በላይ አድጎ ጠበቃቸው። በመስከረም አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የልጅ ልጃቸው አጠገቡ አቁማ ፎቶ አነሳችኝ። እኔም ሞኙ ደስ ብሎኝ ለዕድራችን ሰዎች ላክሁት። ከዕድርተኞቹ አንዷ ፍቅርአዲስ ዴን ሃግ ከተማ ቁጭ ብላ፣ አሳምነው ገበሬ ሆነ ብላ ለወዳጆቿ በተነችው። ዴን ሃግ ላይ ገበሬ የነበርኩት ሰውዬ ደሴ ስደርስ ነጋዴ ሆኜ ተገኘሁ።

አሁን ለበኋላ ያልኩሽን ልንገርሽ። ባለቤቴ ብርነሽ ያረፈች ጊዜ አንቺ ቪዛ ተከልክለሽ ቀረሽ። ለቅሶውን ቤቴ ተቀመጥን። ሴቶቹ ከጎኔ አንድ ወንበር ባዶ ተዉ፤ የእህት ቦታ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አልተቀመጠበትም። እኔም እሱን ወንበር ባየሁ ቁጥር ይብስብኝ ነበር። በመጀመሪያው ማታ ሜቭራው ኮሪ ከታች ልቅሶውን ሰምተው፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ቀጥ ያለውን ደረጃ ወጥተው መጡ። እዚህ አገር ሰው ቤት ያለ ቀጠሮ አይገባም፤ እሳቸው ግን ገቡ። ዙሪያውን አዩና ባዶ ያገኙት እሱን ስለሆነ ሄደው ተቀመጡበት። ፍቅርአዲስ ልታስነሣቸው ስትል በዐይኔ ተይ አልኳት። ቋንቋችንን አይሰሙም፣ እንደኛ አያለቅሱም፤ እጄን ይዘው ሰው እስኪበተን ዝም ብለው ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ። ለቅሶው እስኪነሣ አንድም ማታ አልቀሩም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ተረት ላንቺ መጥቀስ ድፍረት ነውና አልጠቅስም። አንቺን የሚተካ የለም። ነገር ግን ቦታሽን ባዶውን እያየሁ እንዳላለቅስ አደረጉኝ። ቁልፉን ሲሰጡኝ እምቢ ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው። ተክሉ ጎመንም ቢሆን፣ እሾህም ቢሆን አጠጣው ነበር።

እንግዲህ ፍርዱ ያንቺ ነው። ይህን ሁሉ ሰምተሽም ወንበሩ አይገባህም ካልሽ ከኋላ ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ ትኬቱን ግን አልሰርዝም። ይገባሃል ካልሽ ኤልሳቤጥ ደብዳቤውን ባደረሰችሽ በቀጣዩ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስደውል ስልኩን አንሺልኝ። መናገር አይጠበቅብሽም። ሳልሽን ብሰማ ይበቃኛል።

ሙሽራዬን ቢታንያን ዐይኗን ሳሚልኝ። እጮኛዋን ዓቢይን ሰላም በይልኝ፤ የምገዛለት የሠርግ ጫማ ጠቦኛል እንዳይል ቁጥሩን በቶሎ ይላክልኝ። ዘአማኑኤል ፈተናውን እንደሚያልፍ አልጠራጠርም። ፎቶውን አጉልቶ ያስረዳሽን ጎረቤታችንን ባዩንም ሰላም በይልኝ፤ ቅጠሉን በአንድ እይታ ምን እንደሆነ የለየበትን ብልሃት ግን ስመጣ እጠይቀዋለሁ።

ሜቭራው ኮሪም ሰላም ብለውሻል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆነው ሹራባቸውን ይሠሩ ነበርና ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። የዚያን ወንበር ነገር እስከ ዛሬ ነግሬያቸው አላውቅም ነበር፤ አሁን ነገርኳቸው። ሹራባቸውን አስቀምጠው ይህን ጻፍላት አሉኝ፦ የእህትህ ወንበር መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቀና ብዬ እቀመጥ ነበር።

ወንድምሽ አሳምነው
ዴልፍስሃቨን፣ ሮተርዳም
ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.