በር ከፋቹን ጠይቁት

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ዛሬም ኖርዝጌት ሰፈር፣ ጋሼ ኃይለ መስቀል ቤት። መድኃኒት ሰጠሁ፣ ምሳ አቀረብኩ፣ ከዚያ ፊልም። አዛውንት እየጠበቅኩ፣ ደመወዝ እየተከፈለኝ ፊልም አያለሁ። ሥነ ጽሑፍ አጥንቼ ፈረንጅ አገር ያገኘሁት ትርፍ ይኸው ነው።

ጋሼ የሚወዱት፣ ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን የተሠሩትን የመርማሪ ታሪኮች ነው። የዛሬው መርማሪ ቻይናዊ ነው። ማለት... ዓይኑን በፕላስተር የሳበ ነጭ ተዋናይ። እውነተኛው ቻይናዊ ሻይ ያቀርባል። ጥቁሩ በር ይከፍታል፣ ሬሳ ሲያይ ዓይኑን ያፈጣል፣ ይሮጣል። የተቀጠረው ለዚህ ነው።

ጋሼ ዳውንታውን ሆቴል በር ላይ፣ ለእንግዳ በር እየከፈቱ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ቆመዋል። ጥቁሩ ብቅ ባለ ቁጥር መርማሪውን ይቆጡታል።

"ጠይቀው እንጂ አንተ ሰው። ገዳዩን ያስገባው እሱ ነው።"

አይጠይቀውም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ልጃቸው ልዕልት ከምትኖርበት ከተማ፣ ከፌደራል ዌይ፣ ኮል አደረገች። አዲስ አበባ ያሉት የጋሼ ብቸኛ ወንድም፣ ጌዴዎን፣ ዐረፉ።

"አባዬ እንዳይሰማ። ቅዳሜ ጠዋት ተሰብስበን እናረዳዋለን።"

"አራት ቀን ሙሉ?"

"ሰው ሁሉ ሥራ ነው፣ እሴይ። ሶ... ስልኩን ደብቅልኝ፣ ኦኬ?"

እዚህ አገር መርዶም የዕረፍት ቀን ይጠብቃል። ስልኩን ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት። ውሃ ነካው፣ እስኪደርቅ ነው አልኳቸው። ልክ አደረግኩ?

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ፎቅ ላይ የሚኖረው ኡርጌሳ፣ መርዶውን ሰምቷል፣ መጥቶ ዳማ ተጫወቱ። ጋሼ አሸነፉ። ሲወጣ በሩን ትክ ብለው አዩት።

"ስድስት ዓመት አሸንፌው አላውቅም።"

ፊልም አልከፈቱም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ጠየቁኝ። እኔን።

"እሴይ፣ በሩን የምትከፍተው አንተ ነህ። ምን ተፈጠረ?"

ዓይኔን አፈጠጥኩ። "ምንም አላውቅም፣ ጋሼ።"

የፊልሙ ሰውዬ ይሻላል። እሱን የጠየቀው የለም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት። አሥራ አራት ሰው በእግሩ ጣት እየሄደ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ከረባት አስረው ተቀምጠዋል። ሊያረዱ የተመረጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ጋሼ ቀደሟቸው።

"ጌዴዎን መቼ ነው ያረፈው?"

"ማክሰኞ" አለች ልዕልት። ከዚያ ቤቱ በለቅሶ ተሞላ።

በኋላ አጠገባቸው ስቀመጥ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሁለት ቀን ብቻዬን አለቀስኩ። አንተ ከግድግዳው ወዲያ ነበርክ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡ...

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ለቅሶ የሚደርሰው ሰው አለቀ። ስልኩ ከሩዙ ወጣ። ይሠራል።

ፊልም ከፈትኩላቸው። ጥቁሩ ትሪ ይዞ ገባ። ሬሳውን አየ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ሮጠ። መርማሪው ሌላውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር።

ጠበቅኩ።

ጋሼ "ጠይቀው" አላሉትም።