ያልተማርናቸው ሦስት ሳምንታት

ማርች 3

ፖ-ዩ ዛሬም መቀነስ አልገባውም። ወይስ ገብቶት ነው ዝም ያለኝ? ከዘጠኝ ላይ አራት ሲቀነስ ብዬ ሦስቴ ጠየቅሁት። እርሳሱን አኘከ። እህቱ ዪ-ቼን ከጠረጴዛው ማዶ፦ «አምስት! እማ፣ እኔ ልማርለት?» የስምንት ዓመት አዋቂ!

አማቴ ከታች ከዓሣ ሾርባ ቤታቸው ሰምተዋል። ደንበኛ ፊት ወደ ደረጃው ጮኹ፦ «አንቺ ልጅ! መንግሥት በነፃ የሚያስተምረውን፣ አንቺ ምን ቤት ነሽ? ልጁን ደንቆሮ ልታደርጊው ነው!» ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ማርች 9

ከትምህርት ቢሮ ደብዳቤ። በ27 ገምጋሚ ቤት ይመጣል። በየቀኑ የተማርነውን የምጽፍበትን መዝገብ ያያል፣ ፖ-ዩን ያነጋግራል። ቤት የማስተምርበት ፈቃድ ካልታደሰ ልጄ ወደዚያው ክፍል ይመለሳል። ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ወዳልተናገረበት ክፍል። «አፍህን እስክትከፍት ቁም» ብላ፣ ጓደኞቹ ምሳ እስኪጨርሱ ያቆመችው አስተማሪ ጋ... ያን ቀን ሱሪው ላይ ሸንቶ ነው የመጣው።

ለማያውቀው ሰው እስከ ዛሬ አይናገርም። ለገምጋሚ ይናገራል?

ማርች 20

መዝገቡን ገለጥኩ። ከጨረቃው አዲስ ዓመት በዓል በኋላ ሦስት ሳምንት ባዶ! ጉንፋኑ ተራ በተራ ጥሎን... ባሌ «ታመን ነበር ብለሽ ጻፊያ» አለ። ለእሱ ቀላል ነው። ቀኑን ሙሉ የዓሣ ማርቢያ ኩሬው ጋ ነው የሚውለው።

ተቀምጬ ሞላሁት። በተለያየ ቀን የተጻፈ እንዲመስል በሦስት ስክሪብቶ። የእሳተ ገሞራ ሞዴል ሥራ። የቢራቢሮ ዕድገት። አቤት ማማሩ! እንደዚያ ቢያስተምሩኝ እኔም ዶክተር በሆንኩ።

ፖ-ዩ አጠገቤ ቆሞ ያያል።

ማርች 27

ወይዘሮ ሊያው የሚባሉ ናቸው የመጡት። ጫማቸውን በር ላይ ሲያወልቁ ካልሲያቸው አውራ ጣታቸው ጋ ተቀዷል። ወደድኳቸው። አማቴ ሾርባ ይዘው ከች! «እናቱ እኮ ሌት ተቀን ነው የምታስተምረው!» እሳቸው!

ወይዘሮ ሊያው መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «ፖ-ዩ፣ የሠራኸው እሳተ ገሞራ የታለ?»

ፖ-ዩ መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ መዝገቡን አየ።

«አልሠራንም። እማ ናት የጻፈችው። ታመን ነበር። እማ ደግሞ ስታስመልስ ነበር።»

ተናገረ! ለማያውቀው ሰው! ግን ምኑን? ልደሰት ወይስ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ? ስንት ጊዜ ለምኜው፣ ሲናገር እኔን አጋልጦ!

ወይዘሮ ሊያው ስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ሲሻልህስ ምን ሠራህ?»

«ከአያቴ ጋር የዓሣ እሾህ ለቀምኩ። አንዱ ዓሣ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት እሾህ አለው ትላለች። እኔ መቶ ዘጠና ስምንት አገኘሁ። ሃያ አራት ጎደለ። ደንበኛ ውጦት ይሆናል።»

አማቴ «ዝም በል፣ ገበያዬን ልትዘጋ ነው!» አሉ።

ወይዘሮ ሊያው አልሳቁም። የሆነ ነገር ጽፈው ሄዱ። ምን ይሆን የጻፉት?

ኤፕሪል 2

ደብዳቤ የለም። እንቅልፍም የለም። የደብተር ቦርሳውን ከአልጋ ስር አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁ። መልሼ ደበቅሁት።

ኤፕሪል 16

መጣ። ፈቃዱ ለስድስት ወር ብቻ። የሐሰት ገጾቹ ይሰረዙ፣ ዳግመኛ ጉብኝት ይደረጋል። ስድስት ወር... ከዚያስ?

አሁን ፖ-ዩ ከእራት በፊት መዝገቡን ያስነብበኛል። ዛሬ «ሂሳብ፣ አንድ ሰዓት» ብዬ አነበብኩለት።

«ሃያ ደቂቃ ነው» አለ። «ከዚያ ተጣላን።»

ሰረዝኩት። ጻፍኩ። ሂሳብ፣ ሃያ ደቂቃ። ከዚያ ተጣላን።