ስሙን የማልጠራው በሬ

የቤቴል አባት፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ያለህበት ቦታ ሰላም እንደሆነ አምናለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስልህ እንደ ድሮው ፊቴን አጥንተህ «እውነትሽን ነው?» እንዳትለኝ፤ ዘንድሮስ እውነቴን ነው።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሳሎን ላይ የሚያፈሰው ጣሪያ ተደፈነ፤ የደፈነው ሰውዬ ግን መሰላልህን ሰብሮብኝ ሄደ። የጓሮው እንሰት ከአጥሩ በላይ ሆኗል። ሞተር ሳይክሉን ለመሥሪያ ቤትህ አስረክበናል። በአንተ ቦታ የተተካው የእንስሳት ሐኪም በእሱ እናንተ ቀዬ ሀቢቾ ድረስ ይመላለሳል፤ በበራችን ሲያልፍ ድምፁን እለየዋለሁ፣ አሁንም ብድግ እላለሁ። እኔ ያው ሁለተኛ ክፍል ነኝ፣ ማስተማሩን ማለቴ ነው። ቤቴል ሐዋሳ ላይ ሥራዋን ወዳዋለች፤ በየሁለት ቀኑ ትደውልና በላሁ አልበላሁ ትመረምረኛለች።

አሁን ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ጉዳይ ልግባ። ከብቶችህን አሻግሬያቸዋለሁ።

ሌላ ሰው ቢያነበው ሆሳዕና ከተማ መሃል በረት ያለን ይመስለዋል። ከብቶች የምትላቸው እኮ እዚያች ጌም ውስጥ የሰበሰብካቸውን ፍጥረቶች ነው። ከሞተር ወድቀህ እግርህ የተሰበረ ጊዜ፣ ሦስት ወር ሙሉ ተኝተህ ጣሪያ ስትቆጥር ልጅህ አዘነችና በእጅ የሚያዝ የጌም መጫወቻ ይዛልህ መጣች። ጫካ ለጫካ እየዞሩ ያልታወቁ አውሬዎችን መያዝ፣ ማላመድ፣ ማሳደግ፣ ከዚያ ከሌሎች ሰዎች አውሬ ጋር ማጋጠም ነው ጨዋታው። የልጅ ነገር ነው ብለህ ጀመርከው። በሳምንቱ ለእያንዳንዱ የክትባት ደብተር አወጣህለት!

እንዴት እንደሳቅሁብህ ታስታውሳለህ? የደከመውን አውሬ ወደ ውጊያ አላስገባም እያልክ ስንት ጊዜ ተሸንፈሃል። የቆሰሉት ፍጥረቶች የሚታከሙበትን ቤት ደግሞ ጠምደህ ያዝከው፤ ቁስሉ ሳይታጠብ፣ ሙቀቱ ሳይለካ በአንድ ደቂቃ የሚያድን ሐኪም አጭበርባሪ ነው ብለህ ከስክሪኑ ጋር ተጣላህ። በሠላሳ ዓመት ሥራህ አለቆችህ ያልሰሙህን ቅሬታ ለእኔ አራገፍከው።

ያኔ ጨዋታው ተራ በተራ ነበር። የእነሱ አውሬ ይመታል፣ ከዚያ ያንተ ተራ ይሆናል፣ አንተ እስክትወስን ድረስ ማንም አይነካህም። እኔ ደብተር እያረምኩ ከአጠገብህ እቀመጣለሁ፤ ይህን ይሻላል፣ የለም ያኛውን እየተባባልን እንከራከራለን። ጠላት እንኳ ክርክራችን እስኪያልቅ ቆሞ ይጠብቀናል። ያንን ጊዜ ወድጄው ነበር። በትዳራችን እንደዚያ ተደማምጠን አናውቅም።

ታዲያ አንድ ቀን ሲተነፍስ ጭጋግ የሚያወጣ ትልቅ በሬ ያዝክ። ከሁሉም የሚበረታው እሱ ሆነ። ጌሙ ስም አውጣለት ሲልህ አየት አደረግከኝና ፈገግ ብለህ የአባትህን ስም ጻፍክበት።

እኔና አንተ ቋንቋችን ለየቅል ነው፤ እኔ የዳምቦያ ከምባታ፣ አንተ የሀቢቾ ሀዲያ። የተፋቀርነውም የተጣላነውም በአማርኛ ነው። በአንድ ነገር ግን የእናንተም ቤት የእኛም ቤት ተስማምቷል፤ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። የዛሬ ሙሽሮች እየተዉት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አሉ። እኔ ማንም ሳያስገድደኝ ያዝኩት። ቤታችሁ በገባሁ ሰሞን ሀድይኛ አንዲት ቃል አላውቅም ነበር፤ አባትህ ብቻዬን አፌን ይዤ እንዳልቀመጥ ብለው በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ፣ ስለ መንገዱ ያወሩልኝ ነበር። ስማቸውን አለመጥራቴ የእኔ ምስጋና ነው። ይህን አሳምረህ ታውቃለህ፤ አውቀህ ነው የሠራኸኝ። ትልቁን አስገባው ስልህ «የትኛውን ትልቅ? በስሙ ጥሪልኛ!» ትልና እግርህን ይዘህ ትስቃለህ።

አንተ ካረፍክ በኋላም ይኸው ስም አልተወኝም። የጡረታህን ጉዳይ ልጨርስ ስሄድ ጸሐፊው የባልሽን ሙሉ ስም ንገሪኝ አለኝ። አባትህ ጋ ስደርስ አፌ ተያዘ፤ መታወቂያህን አውጥቼ ሰጠሁት። ልጁ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ የባሏን አባት ስም የማታውቅ ሴት ናት ብሎ ሳይጠረጥረኝ አልቀረም። ደግነቱ ከጎኑ ያለችው ሠራተኛ የሀገሬው ልጅ ነበረች፤ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ራሷ አነበበችለት።

ያቺ መጫወቻ አረጀች። ባትሪዋ አብጦ ስክሪኗን ወደ ላይ ገፋው፤ ጠጋኙም ይህች ብዙ አትቆይም አለኝ። መስከረም ላይ ለዘመን መለወጫችሁ ለያሆዴ በዓል ቤቴል ስትመጣ አዲስ መጫወቻና የጌሙን አዲሱን እትም ይዛ መጣች። የድሮዎቹን ፍጥረቶች ወደ አዲሱ ማሻገር ይቻላል፤ አንዴ የተሻገረ ግን አይመለስም። እሺ የሚለውን ልጫን ስል ደጋግሜ እጄን መለስኩ። እዚያች ውስጥ ያለው በሙሉ አንተ የያዝከው፣ አንተ ያሳደግከው ነዋ! ብተወው ከባትሪው ጋር ይጠፋል። ጸልዬ ተጫንኩት።

ሁሉም ደረሱ። ነገር ግን ተኝተው ነው የደረሱት። በአዲሱ ጌም አውሬዎቹ የሚታዘዙት በድምፅ ነው። ወደ ማይኩ ተጠግተህ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ትጠራዋለህ፤ ድምፅህን ይለምድና ዓይኑን ይገልጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ለዚያ ድምፅና ለዚያ አጠራር ብቻ ነው። ዳለቻን ጠራሁ፣ ተነሣ። ቡሬን ጠራሁ፣ ተነሣ። በመጨረሻ በረቱ ውስጥ ያ በሬ ብቻ ተኝቶ ቀረ። ከጭንቅላቱ በላይ የአባትህ ስም ተጽፏል። ያንን ስም ደግሞ መጀመሪያ ካወጣለት ሰው በቀር ማንም ሊቀይረው አይችልም።

ቤቴል፣ የተጻፈውን አንብቦ የሚያጣራሽ የለም፣ ደስ ባለሽ ስም ጥሪው አለችኝ። ዝም ብለሽ «ና» በይው አለች። የአባትህን ስም የተሸከመውን እንደ ጥጃ «ና» ልበለው? ቆይታ ደግሞ «ቡቺ በይው በቃ» ስትለኝ ተቆጣኋት። እኔ ልጥራልሽም አለች፤ እሷ ከጠራችው ግን የእሷን ድምፅ ይለምዳል፣ እሷ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ሐዋሳ ትገባለች። በሬው እንደተኛ ቀረ። አትሳቅብኝ፣ አለቀስኩ። አንተን ተኝተህ ካየሁ ወዲህ የተኛ ነገር ማየት አልወድም።

በማግስቱ ለበዓሉ ሀቢቾ እናትህ ጋ ሄድን። እማማ አርጅተዋል፣ ምላሳቸው ግን እንደነበረ ነው። የቡላው አተካና ቀርቦ፣ ቅቤውን እየተቀባበልን፣ ቤቴል ያቺን መጫወቻ ከቦርሳዋ አውጥታ ችግሬን ዘረገፈችላቸው። እማማ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው በሬውን አዩት። ይተነፍሳል ወይ፣ ምን ይበላል አሉ። ከዚያ ስሙ ማን ነው ሲሉ የልጅ ልጃቸው አነበበችላቸው። መጫወቻዋን ከዓይናቸው አራቁ። ተቀየሙ ብዬ መሬት ዋጪኝ ስል «ይሄ ቀልደኛ! አባቱን በሬ አደረገው?» ብለው ሳቁ፤ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ረጅም ሳቁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እኔስ አምሳ ዓመት ምን ብዬ የጠራሁት ይመስልሻል?» አሉኝ። እሳቸውም የባላቸውን ስም በአፋቸው አንሥተው አያውቁም። አባትህን ከእንሰቱ ማዶ ሲፈልጓቸው በመጀመሪያ ልጃቸው፣ በአንተ ስም፣ የእገሌ አባት እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። አንተ ከመወለድህ በፊትስ ብላ ቤቴል ብትጠይቃቸው፣ ጓል እወረውርበት ነበር አሉ።

መፍትሔው ይኸው፣ ተገኘ። እኔ ግን ይበልጥ ጨነቀኝ። ከቀብርህ ወዲህ ስምህን ጮክ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ባሌ እላለሁ፣ እሱ እላለሁ፣ የቤቴል አባት እላለሁ። ስምህን ብጠራው ማንም አቤት አይለኝም፤ ያንን ዝምታ ነበር የፈራሁት።

እማማ መጫወቻዋን አቀበሉኝ። «የማርቆስ አባት» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ፤ ማሽኑ አልሰማሁም፣ ድገሚ አለኝ። «የማርቆስ አባት» አልኩ። ቤቱ ሁሉ ማኘኩን ተወ። እማማ እጄን ያዙና በሹክሹክታ፣ ማዶ ነው እኮ ያለው፣ ማዶ እንዳለ ሰው ጥሪው አሉኝ። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩና፣ የአካባቢው ሰው ምን ይለኛል ሳልል፣ ባለኝ ድምፅ ተጣራሁ። ማሽኑ የቀረውን አንድ ጥሪ እስኪቀበለኝ ደግሜ ተጣራሁ። በሬው ዓይኑን ገለጠ፤ ተነሥቶ ተንጠራራና ጭጋጉን እየነፋ ወደ እኔ መጣ። «መጣ» አሉ እናትህ። ሁለታችንም አለቀስን፤ ያኛው ለቅሶ ግን የመጀመሪያው ዓይነት አልነበረም።

አዲሱን ጌም አትወደውም ነበር፣ ልንገርህ። ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር ቀርቷል። አውሬው ከጎንህ ይሮጣል፣ ጠላትም ይሮጣል፣ እስክትመክር የሚጠብቅህ የለም። እኔ ወንዝ ውስጥ እየወደቅሁ፣ ከገደል እየተላተምኩ እዚህ ደርሻለሁ። ያ ክርክራችን ይናፍቀኛል፣ አልዋሽህም። ነገር ግን ማሰቢያ ጊዜ ስለሌለ መጣራት ብቻ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ለአንድ ሰዓት እቀመጣለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ ማርቆስ እንደምል አልቆጥረውም። ጎረቤታችን መጀመሪያ ሰሞን በአጥሩ አንገቷን አስግጋ፣ ደህና ነሽ ወይ አለችኝ። አሁን ድምፄ ሲጠፋ ነው የምትጠይቀኝ።

ማርቆስ፣ አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፤ ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ብሎት ወደ ቤቱ ገብቷል። እኔ የምገባልህ ቃል ሌላ ነው። ድምፄ እስካለ ድረስ ስምህ በዚህ ቤት በየቀኑ ጮክ ተብሎ ይጠራል። አንተ ባትመጣም፣ ስጠራህ የሚመጣ አለ።

አስቴር
ሆሳዕና